ኮክሲዲዮሲስ የሚሸነፈው ከወለሉ ነው

በጎጃም ሰኔ ከገባ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች በር ላይ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፦ «ጫጩቶቼን ደም እያስቀመጣቸው ነው፤ ምን ልስጣቸው?» ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን ዘግይቷል። በሽታው ኮክሲዲዮሲስ፣ በአጭሩ ኮክሲ፣ የሚባለው ነው፤ ደም በታየበት ሰዓት አምጪው ተውሳክ አንጀት ውስጥ ከገባ አራት አምስት ቀን አልፎታል። ገና ደህና የሚመስሉት ጫጩቶችም አብዛኞቹ ውጠውታል።

ይህን በሽታ እኔ የምረዳው እንደ መጠን ጉዳይ ነው። አንዲት ጫጩት በቀን ስንት የበሰለ የተውሳክ ዘር ትውጣለች? ጥቂት ጥቂት ከዋጠች ሰውነቷ ይላመደዋል፣ ሳትታመም መከላከያ ታበጃለች። በአንድ ጊዜ ብዙ ከዋጠች አንጀቷ ይቆስላል። ዘሩን ከዶሮ ቤት ጨርሶ ማጥፋት የቻለ አርቢ አላውቅም፤ ማጥፋትም አያስፈልግም። ሥራው ሁሉ ያንን መጠን ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው፤ መጠኑ የሚወሰነው ደግሞ በጉዝጓዙ እርጥበት ነው።

አምጪው አይሜሪያ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተውሳክ ነው። ዶሮን የሚይዙ ሰባት የታወቁ ዝርያዎች አሉት፤ እያንዳንዱም የሚመርጠው የአንጀት ክፍል አለው። ደም በማስቀመጥ የሚታወቀው ቴኔላ የሚሰፍረው ከትንሹ አንጀት ጫፍ ሁለት ከረጢት ሆኖ በተንጠለጠለው ዕውር አንጀት ውስጥ ነው። ኔካትሪክስ የትንሹን አንጀት መካከል ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣውም ዘግየት ብሎ፣ ቄብ ከሆኑ በኋላ ነው። አሰርቩሊና የሚቀመጠው በአንጀቱ መጀመሪያ ላይ ነው። ይህኛው ደም አያሳይም፣ ብዙም አይገድልም፤ መኖ እየበሉ የማያድጉ፣ እግራቸውና ኩክኒያቸው የገረጣ ጫጩቶችን ትቶ ያልፋል። ለአንዱ ዝርያ የተበጀ መከላከያ ከሌላው አያድንም፤ አንዴ ታመው የዳኑ ዶሮዎች ድጋሚ የሚታመሙት ለዚህ ነው። ከጥጃ፣ ከበግ ወይም ከጥንቸል ወደ ዶሮ አይተላለፍም፤ የዶሮውም ወደ ሰው አይመጣም።

ከኩስ ጋር የሚወጣው ዘር፣ ባለሙያዎች ኦኦሲስት የሚሉት፣ ገና እንደወጣ ቢዋጥ አይጎዳም። መጀመሪያ መብሰል አለበት። ለመብሰል እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ይፈልጋል፤ ሦስቱ ከተሟሉለት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይበቃዋል። ከተዋጠ በኋላ የአንጀቱን ሕዋሳት እየሰበረ ይባዛል፤ በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ደም ይታያል፤ በስድስተኛውና በሰባተኛው ቀን አዲሱ ዘር በኩስ ይወጣል። ከአንዲት ዘር የሚገኘው ምርት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። እንግዲህ አንድ ዙር ከሰባት እስከ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል ማለት ነው። ጫጩቶቹ በገቡ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጥቂት ቢውጡ፣ ሁለተኛው ዙር በሁለተኛው ሳምንት፣ ሦስተኛው ዙር በሦስተኛው ሳምንት ይመጣል። ደሙ ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሚታየው በዚህ ስሌት ነው።

የእኛ አካባቢ የእርባታ አሠራር ከዚህ ስሌት ጋር ክፉኛ ይገጣጠማል። በየወረዳው የአንድ ቀን ጫጩት ተረክበው እስከ 45 ቀን ወይም እስከ ሁለት ወር አሳድገው ለገበሬው የሚሸጡ ወጣቶችና ማኅበራት አሉ። ሳሶም ይሁን ቦቫንስ የሚባለው የውጭ ዝርያ፣ ጫጩቱ በእነሱ እጅ የሚቆይበት ጊዜ በሽታው የሚበረታበት ጊዜ ነው። የአደጋውን ሸክም ከሞላ ጎደል እነሱ ብቻ ይሸከማሉ ማለት ይቻላል። ገበሬው ግቢ ውስጥ እናቷን ተከትላ የምትጭር የሀበሻ ጫጩት በአንድ ቦታ ብዙ ኩስ ስለማታገኝ የምትውጠው ትንሽ ነው። «የሀበሻ ዶሮ ኮክሲ አይነካውም» የሚባለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ግን ስህተት ነው። የሀበሻ ጫጩቶችን በተጨናነቀና በራሰ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ማሳደግ እነሱንም ያሳምማል።

ሌላው የተለመደ አሳብ «ደብረ ማርቆስ ብርድ ነው፤ ተውሳኩ እዚህ አይበረታም» የሚለው ነው። ውጭው ሲበርድ የዘሩ መብሰል እንደሚዘገይ እውነት ነው። ጫጩቶቹ ግን ውጭ አይደሉም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ወደ ሦስት ዲግሪ እየተቀነሰ የሚሞቀው ማሳደጊያ ለተውሳኩ ከባሕር ዳር ሙቀት የበለጠ ይመቸዋል። ብርዱ ይልቅ በሌላ መንገድ ይጎዳል። አርቢው መስኮቱን ሁሉ በፕላስቲክና በማዳበሪያ ጆንያ ይደፍናል፣ ከሰሉን ያነዳል፤ የጫጩቶቹ ትንፋሽና የኩሱ እርጥበት መውጫ አጥቶ ጉዝጓዙ ላይ ይተኛል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ከመጣ ወለሉ እርጥብ ነው። መፍትሔው ነፋሱ ጫጩቶቹን በቀጥታ እንዳይመታ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በሁለቱም ግድግዳ በኩል ቢያንስ አንድ ስንዝር ስፋት ክፍት መተው ነው። ከሰል የሚነድበት ክፍል ከሆነ ይህ ክፍተት ለጫጩቱም ለሰውም የሕይወት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ጉዝጓዙ። በአዊ፣ በመራዊና በቡሬ በኩል ሰጋቱራ በቀላሉ ይገኛል፤ ከጣውላ ቤት የሚወጣው ሻካራው ፍቅፋቂ ከደቃቁ ይሻላል። ደቃቁን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጫጩቶቹ መኖ መስሏቸው ይለቅሙታል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ወረቀት ይነጠፍበት። የሩዝ ገለባ ከፎገራ በኩል ሲመጣ ግሩም ነው፤ ውሃ ቶሎ ይለቃል፣ አይጋገርም። የጤፍ ጭድ በየቤቱ አለ፤ ችግሩ እርጥብ ሲሆን ተደራርቦ እንደ ምንጣፍ መጋገሩ ነው። ጭድ ብቻ ያለው ሰው ከአራት ጣት በማይበልጥ ርዝመት ይከታትፈው፣ ከተቻለ ከሰጋቱራ ጋር ይቀላቅለው፣ ከሌላው ጉዝጓዝም ደጋግሞ ያገላብጠው። ውፍረቱ በበጋ አምስት ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ በክረምት ከስምንት እስከ አሥር ይሁን። ከመከር የተረፈና ዝናብ ያገኘው፣ ሻጋታ የሸተተ ጭድ አይግባ፤ እሱ ደግሞ የሳንባ በሽታ ያመጣል።

መፈተኛው እጅ ነው። ከመጠጫው አጠገብ፣ ከመሃልና ከጥግ አንዳንድ እፍኝ ጨብጦ መልቀቅ። ተጨብጦ ቅርጹን ይዞ ከቀረ እርጥብ ነው፤ ዘሩ ይበስልበታል። ትንሽ ተያይዞ ወዲያው ከተበተነ ልክ ነው። ጭራሽ ካልተያያዘና ከቦነነ በጣም ደርቋል፤ ለመተንፈሻ አካል አይበጅም። ይህ ፍተሻ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ በየቀኑ ጠዋት ቢደረግ ከማንኛውም የዱቄት መድኃኒት ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

እርጥበቱ የሚጀምረው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከመጠጫው ሥር ነው። ለ50 ጫጩት አንድ ባለ አራት ሊትር መጠጫ ይበቃል፤ ነገር ግን መሬት ላይ ከተቀመጠ ጫጩቶቹ ይረግጡታል፣ ይጭሩበታል፣ ይኮሱበታል። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ የመጠጫው ከንፈር ከጫጩቶቹ ጀርባ ጋር እኩል እስኪሆን በጡብ ወይም በጠፍጣፋ ድንጋይ ከፍ ይደረግ፤ ባደጉ ቁጥር ከፍታው ይጨመር። ከዚህ የተሻለው በባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ የሽቦ ወንፊት ወጥሮ፣ ሜትር በሜትር የሆነ መቆሚያ ሠርቶ መጠጫውን በላዩ ማስቀመጥ ነው። የሚፈሰው ውሃ ከሽቦው ሥር ይወርዳል፤ ጫጩቶቹ እርጥቡን አይነኩትም። የመኖ ገንዳውም እንዲሁ በጀርባቸው ልክ ከፍ ይበል፤ ከግማሽ በላይ ከተሞላም ይረጫል። መኖ ጉዝጓዙ ላይ መበተን ኩስ ማብላት ነው፤ ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ።

የራሰው ቦታ በዚያው ቀን በአካፋ ተነሥቶ ይውጣ፣ ደረቅ ይተካበት። የቀረው በየቀኑ በመንሽ ወይም በሬክ ይገላበጥ። ጫጩቶቹ ሲያድጉ ቦታው አብሮ ይስፋ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በአንድ ካሬ ሜትር እስከ 25፣ በአራተኛው ሳምንት 15 ገደማ፣ ከስድስተኛው ሳምንት ወዲያ 10። ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰፊ የሚመስለው ክፍል በሦስተኛው ሳምንት ይጠባል፤ ኩሱም በዚያው ልክ ይበዛል፤ ይህ ደግሞ ሦስተኛው የተውሳክ ዙር የሚመጣበት ሳምንት ነው። ቤቱ ራሱ ወለሉ ከመሬት ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ካላለ፣ ዙሪያውን የጎርፍ መውረጃ ካልተቆፈረለትና የጣሪያው ክንፍ ዝናቡን ከግድግዳው ካላራቀ፣ ከላይ የሚደረገው ጥንቃቄ ከሥር በሚመጣ ውሃ ይሸነፋል። የሐምሌ ዝናብ ከነፋስ ጋር ወደ ጎን ነው የሚመታው።

ስለ በረኪና በግልጽ ልናገር። በረኪና ባክቴሪያና ቫይረስ ይገድላል፤ የኮክሲን ዘር አይገድልም። በቤተ ሙከራ ዘሩን ከሌሎች ተሕዋስያን ለማጽዳት በራሱ በበረኪና ያጥቡታል፤ ዘሩ ግን በሕይወት ይቀራል። በር ላይ የሚቀመጠው የእግር መንከሪያም ለፈንግልና ለሌሎቹ ይጠቅማል፣ ለዚህ ግን አይሠራም፤ ለዶሮ ቤቱ ብቻ የተለየ ጫማ ማስቀመጥ ይሻላል። ዘሩን የሚገድለው ሙቀትና ድርቀት ነው። አንድ ዙር ጫጩት ሲወጣ ጉዝጓዙ ሙሉ በሙሉ ይጠረግ፤ ወለሉና ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ በሳሙና ተፈግፍጎ ይታጠብ፤ ከዚያ የፈላ ውሃ እንደፈላ ይፍሰስበት። ለብ ያለ ውሃ ዋጋ የለውም። ከዚያም ቤቱ ተከፍቶ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ደርቆ ይቆይ፤ መጠጫና መመገቢያው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

ኖራን በተመለከተ ጎጃም ውስጥ አንድ የተለመደ መምታታት አለ። ለአሲዳማ አፈር ማከሚያ የሚከፋፈለው ኖራ የተፈጨ ጥሬ ድንጋይ ነው፤ ወለል ላይ ቢበተን ትንሽ እርጥበት ከመምጠጥ አልፎ የሚያደርገው ነገር የለም። ለወለል የሚሆነው የተቃጠለው፣ ውሃ ሲነካው የሚሞቀው ኖራ ነው። እሱም ቢሆን ባዶ ቤት ውስጥ ለማድረቂያ ይረዳል እንጂ የፈላውን ውሃ አይተካም። ጫጩት ባለበት አይበተን፤ እግራቸውንና ዓይናቸውን ያቃጥላል።

ምልክቱ ከደሙ በፊት ይጀምራል። መኖ ከትናንቱ ቀንሶ ያድራል፤ ጥቂቶቹ ላባቸውን ነፍተው፣ ክንፋቸውን ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሙቀቱ አጠገብ ይሰበሰባሉ። መኖውን በየቀኑ መዝኖ የሚሰጥ ሰው ይህን አንድ ቀን ቀድሞ ያያል። ኩስ ሲታይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ጤነኛ ዶሮም በቀን ጥቂት ጊዜ ቡናማ፣ አረፋ ያለውና የሚያጣብቅ ኩስ ከዕውር አንጀቷ ትጥላለች፤ ይህን ደም ነው ብሎ መድኃኒት መጀመር ብር ማባከን ነው።

የሞተውን መክፈት ከግምት ያድናል። ከሞተ ጥቂት ሰዓት ያልበለጠው ይመረጥ። ዕውር አንጀቱ አብጦ ጥቁር ቀይ ሆኖ ደም ከሞላው፣ ወይም ከቀናት በኋላ ውስጡ የጠጠረ አይብ መሳይ ነገር ከያዘ፣ ቴኔላ ነው። የትንሹ አንጀት መካከል እንደ ፊኛ ተነፍቶ ከውጭ ነጭና ቀይ ነጠብጣብ ካሳየ ኔካትሪክስ ይጠረጠራል። በላይኛው አንጀት ላይ ነጫጭ አግድም መስመሮች አሰርቩሊናን ያመለክታሉ። ጉምቦሮ የሚባለው የቫይረስ በሽታም በዚሁ ዕድሜ ይመጣል፤ በእሱ ግን ተቅማጡ ነጣ ይላል፣ በጭን ሥጋ ላይ የደም ነጠብጣብ ይታያል፣ ከመቀመጫው በላይ ያለው ቡርሳ የሚባለው እጢ ያብጣል። ጉምቦሮ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያፈርስ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ሞቱ ይበረታል፤ የጉምቦሮ ክትባት ያልተሰጠው መንጋ በጉምቦሮ ከተያዘ ኮክሲን የመቋቋም አቅሙ ይዳከማል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ማቃተት፣ የአንገት መጠማዘዝና ከትንሽ እስከ ትልቅ ሁሉንም መግደል ካለ ፈንግል ነው፤ ያኔ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መሄድ ነው።

ሕክምናው። በብዛት የሚገኘው አምፕሮሊየም 20 በመቶ ዱቄት ነው። ለታመመ መንጋ በአንድ ሊትር ውሃ 1.2 ግራም፣ ማለትም ለ20 ሊትር ጀሪካን 24 ግራም፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይሰጣል። ከዚያ ግማሹ፣ ለጀሪካን 12 ግራም፣ ለተጨማሪ ጥቂት ቀናት። በመጨረሻም ለጀሪካን 6 ግራም ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት። የእሽጉ ጥንካሬ ከ20 በመቶ የተለየ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል፤ ያኔ በእሽጉ ላይ የተጻፈው ይከበር። 100 የአራት ሳምንት ጫጩቶች በቀን ከ6 እስከ 8 ሊትር ገደማ ስለሚጠጡ በየቀኑ ጠዋት ለዚያን ቀን የሚበቃው ብቻ ይበጥበጥ። ሌላ ውሃ ሁሉ ይነሣ። በሻይ ማንኪያ መለካት አያስተማምንም፤ ዱቄቱ አንዴ ይጠቀጠቃል፣ አንዴ ይላላል፤ የሚሸጥልዎት ሰው በሚዛን ከፋፍሎ ቢሰጥዎት ይሻላል። መድኃኒቱ በውሃ የሚሰጠው የታመመ ጫጩት መብላት ቢያቆምም መጠጣቱን ስለማይተው ነው። ለታመሙት ብቻ ሳይሆን ለክፍሉ በሙሉ ይሰጣል፤ የሚሠራው በተውሳኩ የመጀመሪያ የመባዛት ደረጃ ላይ ስለሆነ በይበልጥ የሚያድነው ገና ያልደሙትን ነው። ደም እያስቀመጠው ያለ ጫጩት በማግስቱ ቢሞት መድኃኒቱ ከሸፈ አይባልም።

አምፕሮሊየም ተውሳኩን የሚጎዳው ቫይታሚን ቢ1ን መስሎ በመግባትና ያንን ቫይታሚን በማሳጣት ነው። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ቢ ያለበትን የቫይታሚን ዱቄት አብሮ መበጥበጥ መድኃኒቱን በራስ እጅ ማክሸፍ ነው። እርሾ ያለበት አተላም ሕክምናው እስኪያልቅ ይቅር። ቫይታሚኑ ከሕክምናው በኋላ ይሰጥ፤ ያኔ በተለይ ኤ እና ኬ ለተጎዳው አንጀትና ለፈሰሰው ደም ይጠቅማሉ።

ሞቱ ሲበረታ ቶልትራዙሪል 2.5 በመቶ በአንድ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር፣ ለሁለት ተከታታይ ቀን ቀንና ሌሊት ይሰጣል። ይህኛው በሁሉም የተውሳኩ ደረጃዎች ላይ ይሠራል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ እንቁላላቸው ለሰው ለሚቀርብ ዶሮዎችም አይሰጥም። የሰልፋ መድኃኒቶች ይሠራሉ፤ ከመጠን ካለፉ ግን ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ደም እንዳይረጋም ያደርጋሉ፤ ደም ለሚፈሰው ጫጩት ይህ ከባድ ነገር ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን ለዚህ በሽታ መድኃኒት አይደለም። የትኛውም ቢሰጥ ሥጋና እንቁላል ስንት ቀን እንደማይበላ እሽጉ ላይ ይነበብ።

ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ በርበሬ፣ አረቄ ሰጥተን ዳኑ የሚሉ አርቢዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ አይዋሹም። ነገር ግን ተውሳኩ ዙሩን ጨርሶ በራሱ የሚወጣው በሳምንት ገደማ ነው፤ ያልሞተው ጫጩት ምንም ባይሰጠውም ይድናል። በዚያ ሳምንት የተሰጠ ነገር ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። እኔን የሚያሳስበኝ እነሱን በመሞከር የሚባክኑት ሁለት ቀናት ናቸው፤ ሁለት ቀን በዚህ በሽታ ብዙ ነው።

የፋብሪካ የጫጩት መኖ ሲገዛ ሞኔንሲን ወይም ሳሊኖማይሲን ገብቶበት እንደሆነ ይጠየቅ። እነዚህ ተውሳኩን ዝቅ አድርገው ስለሚይዙ ይጠቅማሉ፤ ግን ሁለት አደጋ አላቸው። ቲያሙሊን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋር ከተገናኙ ዶሮዎቹን ይመርዛሉ። ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ደግሞ ቢበሉት ልባቸው ተጎድቶ ሊሞቱ ይችላሉ። ፈረስ በሚከበርበት በአዊ፣ አህያና በቅሎ በየግቢው ባለበት ጎጃም ይህ ሊታለፍ አይገባም፦ የጫጩት መኖ ጆንያ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ከገንዳ የተረፈውም ለጋማ ከብት አይደፋ። ዱቄቱን ገዝቶ ቤት ውስጥ በአካፋ ማደባለቅም አይሞከር፤ በሚያድነውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው።

የወጣው ጉዝጓዝ ዶሮዎቹ በሚጭሩበት ግቢ አይደፋ። ከቤቱ ራቅ ብሎ ወገብ ያህል ከፍታ ተከምሮ፣ ደረቅ ከሆነ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ በፕላስቲክ ይሸፈን። ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ዘሩ ይሞታል፤ በሳምንቱ ዳር ዳሩ ወደ መሃል እንዲገባ ይገልበጥ፣ እንደገና ይሸፈን። ከዚያ በኋላ ለጎመንና ለድንች ማሳ ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

የ45 ቀን ቄብ የሚገዛ ገበሬ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ያደጉት በጉዝጓዝ ላይ ነው ወይስ በሽቦ ላይ? መኖው ወይም ውሃው የኮክሲ መድኃኒት ነበረበት? መቼ ተቋረጠ? በሽቦ ላይ ያደጉ ወይም እስከ መጨረሻው ቀን መድኃኒት የወሰዱ ቄቦች ተውሳኩን አያውቁትም፤ አዲሱ ግቢ ሲገቡ በሁለተኛው ሳምንት ይታመማሉ። ለእነሱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ማደሪያቸው ደረቅ ይሁን፣ ከቆጡ ሥር ያለው ኩስ በየቀኑ ይጠረግ፣ ከነባሮቹ ዶሮዎች ተለይተው ይክረሙ። ለጥቂት ሰዓት ብቻ በደረቅ ቀን ወደ ግቢው ይለቀቁ፤ ሰዓቱም ቀስ በቀስ ይጨመርላቸው። አሳዳጊውም ቢሆን መድኃኒቱን ከሽያጩ በፊት በደረጃ እየቀነሰ፣ በደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ጥቂት ጥቂት እንዲውጡ ቢያደርግ ለገዢው የሚያስረክበው መከላከያ ያበጀ ቄብ ይሆናል።